አርሰን ቬንገር በአርሰናል፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ፈረንሳዊው አሠልጣኝ አርሰን ቬንገር የለንደኑን ክለብ አርሰናልን ከለቀቁ ዓመታት ቢቆጠሩም ስለ እሳቸው የሚነሣው ክርክር አልበረደም። አንዱ ወገን ሳይሸነፍ ዋንጫ ያነሣውን ቡድን ብቻ ያስታውሳል፣ ሌላው ደግሞ የመጨረሻዎቹን የቁጭት ዓመታት ብቻ። ከዚህ በታች የቀረቡት ምላሾች በሁለቱ መካከል ላለውና ብዙ ጊዜ ለሚዘለለው ዘመን ሰፋ ያለ ቦታ ይሰጣሉ፤ አሠልጣኙ በትክክል ሊመዘኑ የሚገባው በዚያ ዘመን ሥራቸው ነው ብዬ አምናለሁና። ቀናትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

ስማቸው “ቬንገር” ነው ወይስ “ዌንገር”?

በአማርኛ ሁለቱም ይጻፋሉ፣ በስፖርት ፕሮግራሞችም ሁለቱም ይሰማሉ፤ ለትክክለኛው አጠራር የሚቀርበው ግን “ቬንገር” ነው። አሠልጣኙ ኦክቶበር 22 ቀን 1949 በስትራስቡርግ ተወልደው ያደጉት ዱትልንሃይም በምትባል መንደር ሲሆን፣ አካባቢው ማለትም አልዛስ በታሪኩ በፈረንሳይና በጀርመን መካከል ሲፈራረቅ የኖረ፣ ነባር ቋንቋውም ከጀርመንኛ ጋር የሚዛመድ ነው። የቤተሰቡ ስም በዚያው በጀርመንኛ ወግ ይነበባል። ወላጆቻቸው በመንደሩ ምግብና መጠጥ ቤት ነበራቸው፤ ቤቱ የመንደሩ እግር ኳስ ቡድን መሰብሰቢያም ስለነበር ልጅየው ስለ ጨዋታ የሚደረገውን ክርክር እየሰሙ አደጉ።

በአርሰናል ምን ያህል ጊዜ ቆዩ?

ሥራቸውን በይፋ የጀመሩት ኦክቶበር 1 ቀን 1996 ሲሆን፣ የመጨረሻውን ጨዋታ የመሩት ሜይ 13 ቀን 2018 በሃደርስፊልድ ሜዳ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር ማለት ነው። በዚህ ጊዜ ውስጥ 1,235 ጨዋታዎችን መርተው 707ቱን አሸንፈዋል፣ 280ውን በአቻ ውጤት ጨርሰዋል፣ በ248ቱ ተሸንፈዋል። ከጨዋታዎቹ 828ቱ የፕሪምየር ሊግ ሲሆኑ፣ በ2017 የመጨረሻ ቀን ከዌስት ብሮም ጋር በተደረገው ጨዋታ በሰር አሌክስ ፈርጉሰን ስም ተመዝግቦ የነበረውን የ810 ጨዋታዎች ክብረ ወሰን አልፈዋል። በአንድ ክለብ በቆዩበት ዓመት ብዛት ግን ከ1986 እስከ 2013 ማንቸስተር ዩናይትድን የመሩት ፈርጉሰን ይበልጧቸዋል። ቬንገር በአርሰናል በቆዩበት ጊዜ ውስጥ ቼልሲ ከአሥር በላይ አሠልጣኞችን መቀያየሩን ስናስብ የቆይታቸው ርዝመት ይበልጥ ይገባናል።

ወደ እንግሊዝ ከመምጣታቸው በፊት ምን ሠርተው ነበር?

በተጫዋችነት ዘመናቸው ስማቸው የገነነ አልነበረም። በስትራስቡርግ ዩኒቨርሲቲ ኢኮኖሚክስ አጥንተዋል፤ የከተማው ክለብ በ1979 የፈረንሳይ ሊግን ሲያነሣም የቡድኑ አባል ነበሩ፣ የተሰለፉት ግን በጥቂት ጨዋታዎች ብቻ ነው። በአሠልጣኝነት ናንሲን ከ1984 ጀምሮ ለሦስት ዓመታት መርተው ክለቡ በ1987 ወደ ታችኛው ሊግ ወረደ። ይህ ውድቀት እያለ ሞናኮ ቀጠራቸው፤ በመጀመሪያው የውድድር ዘመን የሊጉን ዋንጫ አነሡ፣ በ1991 የፈረንሳይ ዋንጫን ጨመሩ፣ በ1992 ደግሞ በአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ ፍጻሜ በቬርደር ብሬመን 2 ለ 0 ተሸነፉ። በ1994 ከሞናኮ ከተሰናበቱ በኋላ ወደ ጃፓን አቅንተው ከሊጉ ግርጌ የነበረውን ናጎያ ግራምፐስን ተረከቡና የአገሪቱን የንጉሠ ነገሥት ዋንጫ አስገኙለት።

ሲቀጠሩ ማንም አያውቃቸውም ነበር ይባላል፤ እውነት ነው?

ለእንግሊዝ ሕዝብ እንግዳ ነበሩ፤ አንድ የለንደን ጋዜጣ “አርሰን ማን?” የሚል ርዕስ ይዞ መውጣቱ የታወቀ ነው። የክለቡ ምክትል ሊቀ መንበር ዴቪድ ዲን ግን በ1989 በአርሰናል የያኔ ሜዳ በሃይበሪ ስታዲየም ካገኟቸው ጀምሮ ያውቋቸው ነበር፤ ቅጥሩም የእሳቸው የረጅም ጊዜ ሐሳብ ውጤት ነው። ቬንገር ገና ከጃፓን ሳይመለሱ ክለቡ በእሳቸው ምክር ፓትሪክ ቪዬራን ከኤሲ ሚላን አስፈርሞ ነበር። ኦክቶበር 12 ቀን 1996 በብላክበርን ሜዳ የተደረገውን የመጀመሪያ ጨዋታቸውን ኢያን ራይት ባስቆጠራቸው ሁለት ግቦች አሸነፉ።

በክለቡ ውስጥ የለወጡት ምንድን ነው?

የጀመሩት ከማዕዱ ነው። የተቀቀለ አትክልት፣ ዓሣ፣ ዶሮና ፓስታ የተጫዋቾቹ ዋና ምግብ ሆነ፤ ጣፋጭ ነገር ተከለከለ፣ በወቅቱ በእንግሊዝ ተጫዋቾች ዘንድ እንደ ወግ የሚታየው የመጠጥ ልማድም እየቀረ ሄደ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ተጫዋቾቹ አውቶቡስ ውስጥ “ማርስ ቸኮሌታችን ይመለስልን” እያሉ መዘመራቸውን ራሳቸው ደጋግመው ተርከውታል። ልምምዱ በደቂቃ ተለክቶ በእጃቸው በያዙት የሰዓት መቁጠሪያ ይመራ ጀመር፤ ከጨዋታ በፊትና በኋላ ሰውነትን ማፍታታትና ጡንቻን መዘርጋት ግዴታ ሆነ። የዚህ ሁሉ ውጤት በተለይ የታየው የእግር ኳስ ዘመናቸው ሊያበቃ ነው ተብለው በነበሩት አንጋፋ ተከላካዮች ላይ ነው። የአልኮል ሱሰኛ መሆኑን ቬንገር በመጡበት ሰሞን በአደባባይ የተናገረው አምበሉ ቶኒ አዳምስ እስከ 2002 ተጫውቷል፤ ሊ ዲክሰንና ማርቲን ኪዮንም በሠላሳዎቹ ዕድሜያቸው አጋማሽ ላይ ሆነው ዋንጫ አንሥተዋል።

ሌላው ለውጥ በዝውውር ገበያው ላይ የታየው ዓይናቸው ነው። ኒኮላ አኔልካን በግማሽ ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ከፓሪ ሴንት ዠርመን አምጥተው በ1999 ከሃያ ሚሊዮን ፓውንድ በላይ ለሪያል ማድሪድ ሸጡት፤ ከሽያጩ በተገኘው ገንዘብም ክለቡ ለንደን ኮልኒ የሚገኘውን የራሱን የልምምድ ማዕከል ገነባ። በአኔልካ ምትክ ያመጡት በጁቬንቱስ በክንፍ አጥቂነት ተቀዛቅዞ የነበረውን ቲዬሪ ኦንሪን ነው። እሱን ወደ መሐል አጥቂነት ለመለወጥ የወሰደባቸው ትዕግሥት የአሠልጣኝነታቸው ቁንጮ ይመስለኛል፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ግብ አጥቶ የነበረው ሰው የክለቡ የምንጊዜም ከፍተኛ ግብ አግቢ ሆኗል።

ስንት ዋንጫ አነሡ?

ሦስት የፕሪምየር ሊግ፣ ሰባት የኤፍኤ ካፕ (የእንግሊዝ የጥሎ ማለፍ ውድድር) እና ሰባት የኮሚዩኒቲ ሺልድ (የውድድር ዘመኑ መክፈቻ ጨዋታ) ዋንጫዎችን አንሥተዋል። የሊጉ ዋንጫዎች የ1998፣ የ2002 እና የ2004 ናቸው፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት የኤፍኤ ካፑንም ደርበው ወስደዋል። የ1998ቱ ድል ሁለቱን ዋንጫዎች በአንድ የውድድር ዘመን ያነሡ የመጀመሪያው የውጭ አገር አሠልጣኝ አድርጓቸዋል። በዚያ ዓመት ማንቸስተር ዩናይትድ በሰፊ የነጥብ ልዩነት ሲመራ ቆይቶ ማርች 14 ቀን ማርክ ኦቨርማርስ በዩናይትድ ሜዳ በኦልድ ትራፎርድ ባስቆጠረው ብቸኛ ግብ ነገሩ ተገለበጠ፤ አርሰናል አከታትሎ አሥር የሊግ ጨዋታዎችን አሸንፎ ዋንጫውን ኤቨርተንን 4 ለ 0 በረታበት ቀን አረጋገጠ። አራተኛዋን ግብ ያስቆጠረው አዳምስ ሲሆን ኳሱን ያቀበለውም ሌላው የመሐል ተከላካይ ስቲቭ ቦልድ ነበር። “አሰልቺ” ይባል የነበረው አርሰናል ምን ያህል እንደተለወጠ ለማየት ያቺን አንዲት ግብ መመልከት ይበቃል። በሰባቱ የኤፍኤ ካፕ ድሎች ቬንገር በውድድሩ ታሪክ ብዙ ጊዜ ያሸነፉ አሠልጣኝ ናቸው።

“የማይበገሩት” የሚባለው ቡድን ታሪኩ ምንድን ነው?

በ2003–04 የውድድር ዘመን አርሰናል 38ቱንም የሊግ ጨዋታዎች ሳይሸነፍ ጨረሰ፤ 26ቱን አሸንፎ በ12ቱ አቻ ወጥቶ 90 ነጥብ ሰበሰበ። ከዚያ በፊት በእንግሊዝ ከፍተኛ ሊግ ይህን ያደረገው በ1888–89 ፕሬስተን ኖርዝ ኤንድ ብቻ ሲሆን፣ ያኔ የጨዋታው ብዛት 22 ነበር። ቬንገር አንድ ቡድን ሳይሸነፍ ዓመቱን ሊጨርስ እንደሚችል በ2002 ሲናገሩ ብዙዎች ተሣልቀውባቸው ነበር፤ የ2002–03 የውድድር ዘመንን ዋንጫ ያጡትም በገዛ ሜዳቸው በሊድስ 3 ለ 2 ተሸንፈው ነው። ከዚያ ሽንፈት ቀጥሎ ሜይ 7 ቀን 2003 ሳውዝሃምፕተንን 6 ለ 1 በማሸነፍ የጀመረው ጉዞ እስከ ኦክቶበር 2004 ድረስ 49 የሊግ ጨዋታዎችን ያለ ሽንፈት አሻገራቸው።

ጉዞው ግን አልጋ በአልጋ አልነበረም። በሴፕቴምበር 2003 በኦልድ ትራፎርድ ሩድ ቫን ኒስትልሮይ በተጨማሪ ደቂቃ የመታው ፍጹም ቅጣት ምት አግዳሚውን ገጭቶ ባይመለስ ኖሮ ሁሉም ነገር ገና በስድስተኛው ጨዋታ ባበቃ ነበር። ከሁሉ የከበደው ግን የአፕሪል 2004 ሳምንት ነው። ቡድኑ ቅዳሜ በዩናይትድ ከኤፍኤ ካፕ፣ ማክሰኞ በቼልሲ ከሻምፒዮንስ ሊግ ተሰናበተ፤ ዓርብ ዕለት ደግሞ በሃይበሪ በሊቨርፑል 2 ለ 1 እየተመራ ወደ ዕረፍት ወጣ። ከዕረፍት መልስ ኦንሪ ተከላካዮቹን ከመሐል ሜዳ ጀምሮ ጥሶ ያስቆጠራት ግብ ስታዲየሙን ከድንጋጤው አነቃችው፣ ጨዋታውም 4 ለ 2 አለቀ። ስለ “የማይበገሩት” የሚጠይቀኝ ሰው ካለ በመጀመሪያ እንዲያይ የምመክረው ዋንጫው የተነሣበትን ቀን ሳይሆን ይህን ጨዋታ ነው። ሻምፒዮንነቱ አፕሪል 25 በተቀናቃኛቸው በቶተንሃም ሜዳ 2 ለ 2 በተጠናቀቀው ጨዋታ ተረጋገጠ። የ49ኙ ጉዞ መቋጫም ኦልድ ትራፎርድ ሆነ፤ ኦክቶበር 24 ቀን 2004 ዩናይትድ 2 ለ 0 አሸነፈ።

ከ2005 እስከ 2014 ለምን ዋንጫ አጡ?

ይህ ከሁሉም በላይ የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፤ አጭሩ መልስ “ስታዲየሙ” የሚል ሲሆን፣ ትክክል ቢሆንም ብቻውን አይበቃም።

ሃይበሪ የሚይዘው 38 ሺህ ያህል ተመልካች ነበር። ክለቡ ከትልልቆቹ ጋር ለመፎካከር የመግቢያ ገቢውን ማሳደግ ስለነበረበት 60 ሺህ የሚይዘውን ኤምሬትስ ስታዲየም በ390 ሚሊዮን ፓውንድ ገንብቶ በ2006 ገባበት። ገንዘቡ በአመዛኙ ብድር ነው። ቬንገር ራሳቸው እንደተናገሩት አበዳሪ ባንኮቹ ለዕዳው መተማመኛ እንዲሆን አሠልጣኙ ለአምስት ዓመት እንዲፈርሙ ጠይቀዋል፤ ማለትም ባንክ ቤቶች ለግንባታው ዋስትና አድርገው ከቆጠሯቸው ነገሮች አንዱ የአንድ ሰው ችሎታ ነበር። ዕዳው እንዲከፈል ቡድኑ በየዓመቱ ሻምፒዮንስ ሊግ መግባት አለበት፣ ለተጫዋች የሚወጣው ገንዘብ ግን ጥቂት ነው። በዚያው ጊዜ ደግሞ ገበያው ተለወጠ፦ ቼልሲ በ2003 በሮማን አብራሞቪች፣ ማንቸስተር ሲቲ በ2008 በአቡ ዳቢ ባለሀብቶች እጅ ገብተው ከዚያ በፊት ባልታየ መጠን ገንዘብ ማፍሰስ ጀመሩ። ስታዲየሙ ሲታቀድ ይህ በማንም ስሌት ውስጥ አልነበረም።

ስለዚህ ቬንገር ወጣቶችን አሳድጎ ቡድን የመገንባትን መንገድ መረጡ። ሴስክ ፋብሬጋስን የመሰሉ ልጆች በሃያ ዓመታቸው የቡድኑ ዋልታ ሆኑ፤ ሆኖም በሚበስሉበት ሰዓት ሌላ ክለብ ይወስዳቸዋል። ቪዬራ በ2005፣ ኦንሪ በ2007፣ አዴባዮርና ኮሎ ቱሬ በ2009፣ ፋብሬጋስና ናስሪ በ2011፣ ቫን ፐርሲ በ2012 ሄዱ። በ2007–08 ሊጉን እስከ ፌብሩዋሪ መጨረሻ ሲመሩ ቆይተው በበርሚንግሃም ሜዳ የኤድዋርዶ እግር ተሰበረ፣ ጨዋታውም በመጨረሻው ደቂቃ በተቆጠረ ፍጹም ቅጣት ምት አቻ ተጠናቀቀ፤ ከዚያ በኋላ ቡድኑ ተንገዳግዶ ከሻምፒዮኑ በአራት ነጥብ አንሶ ሦስተኛ ወጣ። በኦገስት 2011 በዩናይትድ 8 ለ 2 የተሸነፉበት ቀን የዚያ ዘመን መራራው ገጽ ነው።

ይሁን እንጂ በእነዚህ ዓመታት ሁሉ አርሰናል ከመጀመሪያዎቹ አራት ደረጃዎች አንድም ጊዜ አልወጣም። ከ1996–97 እስከ 2015–16 ድረስ ሃያ ተከታታይ የውድድር ዘመናት ማለት ነው። ቬንገር አራተኛ ደረጃ እንደ ዋንጫ ይቆጠራል ሲሉ ብዙ ደጋፊ ተቆጥቷል፤ ቁጣው የሚገባኝ ቢሆንም የክለቡን መዝገብ ለሚያይ ሰው ንግግሩ እውነት ነበረው። አራተኛ ደረጃ ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ከዚያ ቀደም ብሎ በሻምፒዮንስ ሊግ ገንዘብ ተስፋ ተበድሮ የወደቀው ሊድስ ዩናይትድ አሳይቷል። የዋንጫው ድርቅ ሜይ 17 ቀን 2014 አበቃ፤ ሃል ሲቲ በስምንት ደቂቃ ውስጥ 2 ለ 0 ቢመራም አሮን ራምሲ በጭማሪው ሰዓት ባስቆጠራት ግብ አርሰናል 3 ለ 2 አሸነፈ።

በአውሮፓ ዋንጫ ያላነሡት ለምንድን ነው?

ሁለት ጊዜ ደፍ ላይ ደርሰዋል። በ2000 የዩኤፋ ካፕ ፍጻሜ በኮፐንሃገን በጋላታሳራይ በመለያ ምት ተሸነፉ። በ2006 የሻምፒዮንስ ሊግ ፍጻሜ ደግሞ በፓሪስ ከባርሴሎና ጋር ሲጫወቱ ግብ ጠባቂው የንስ ሌማን በ18ኛው ደቂቃ በቀይ ካርድ ወጣ፤ በአሥር ሰው ሶል ካምቤል በጭንቅላት ገጭቶ ባስቆጠረው ግብ እስከ 76ኛው ደቂቃ መርተው ሳሙኤል ኤቶና ጁሊያኖ ቤሌቲ በደቂቃዎች ልዩነት ዋንጫውን ወሰዱባቸው። ወደ ፍጻሜው የመጡት በአሥር ተከታታይ የውድድሩ ጨዋታዎች ግብ ሳይቆጠርባቸው መሆኑ ሐዘኑን ያከብደዋል።

ከአፍሪካ ተጫዋቾች ጋር የነበራቸው ግንኙነት ምን ይመስል ነበር? ከኢትዮጵያ ጋር የሚያገናኛቸውስ ነገር አለ?

ላይቤሪያዊውን ጆርጅ ዊሃን በ1988 ከካሜሩን ክለብ ወደ ሞናኮ ያመጡት ቬንገር ናቸው፤ ዊሃ በ1995 የዓለም ኮከብ ተጫዋች ተብሎ ሲመረጥ ክብሩን ለእሳቸው ሰጥቷል። በአርሰናልም ኑዋንኩ ካኑ፣ ሎረን፣ ኮሎ ቱሬ፣ ኢቡዌ፣ አዴባዮርና አሌክስ ሶንግ በእሳቸው ሥር ተጫውተዋል። ከእነዚህ መካከል ካኑ፣ ሎረንና ቱሬ ከማይበገሩት ናቸው።

የኢትዮጵያው ክር ቀጭን ቢሆንም እውነተኛ ነው። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች በበርሊን ተወልዶ በአሜሪካ ያደገው አማካይ ጌዲዮን ዘላለም ጃኑዋሪ 24 ቀን 2014 በኤፍኤ ካፕ ከኮቨንትሪ ጋር በተደረገው ጨዋታ ተቀይሮ ገባ፤ 17 ዓመት ሊሞላው ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። በዚያች ምሽት ቬንገር ሥራ ከጀመሩ በኋላ ተወልዶ ለአርሰናል የተጫወተ የመጀመሪያው ሰው ሆነ። በዋናው ቡድን የተሰለፈባቸው ጨዋታዎች ጥቂት ናቸው፤ በኋላ በውሰት ለሬንጀርስ ተጫውቷል።

በሼፊልድ ዩናይትድ ላይ ያገኙትን ድል በፈቃዳቸው መለሱ የሚባለው እውነት ነው?

አዎን። በፌብሩዋሪ 1999 በኤፍኤ ካፕ ጨዋታ የሼፊልድ ተጫዋች በመጎዳቱ ግብ ጠባቂያቸው ኳሱን ሆን ብሎ ወደ ውጭ አወጣው። አርሰናል እንደ ልማዱ ኳሱን ሊመልስ በእጅ ሲወረውር የመጀመሪያ ጨዋታውን ያደርግ የነበረው ካኑ ነገሩ ሳይገባው ይዞ ሮጠ፣ አሻገረ፣ ኦቨርማርስም አገባ፤ 2 ለ 1 ሆነ። ዳኛው ግቡን ከማጽደቅ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ቬንገር ግን ጨዋታው እንዳለቀ እንደገና እንጫወት ብለው ሐሳብ አቀረቡ፣ የእንግሊዝ እግር ኳስ ማኅበርም ተቀበለው። ከአሥር ቀን በኋላ በተደረገው ጨዋታ አርሰናል ያንኑ 2 ለ 1 ደገመው።

የለቀቁት ተገድደው ነው?

ውል እያላቸው ነው የሄዱት፤ በ2017 የፈረሙት የሁለት ዓመት ውል አንድ ዓመት ይቀረው ነበር፤ መልቀቃቸውም አፕሪል 20 ቀን 2018 ይፋ ሆነ። ምክንያቶቹ ግን ተጠራቅመው ነበር። በ2015–16 ትልልቆቹ ክለቦች ሁሉ ሲሰናከሉ ሌስተር ሲቲ ዋንጫውን ሲያነሣ አርሰናል በአሥር ነጥብ ርቆ ሁለተኛ ሆነ፤ ደጋፊው ይህን ይቅር ለማለት ተቸግሯል። በማርች 2017 በባየርን ሙኒክ በድምር ውጤት 10 ለ 2 ተሸነፉ፤ በዚያው ዓመት አምስተኛ፣ በቀጣዩ ስድስተኛ ወጡ። የእሳቸውን ሥራ የማደንቅ ብሆንም በመጨረሻዎቹ ዓመታት የተከላካይ መስመሩ ድክመት ሳይታረም መቆየቱ፣ ተጋጣሚዎች አጥንተው የመጡበትን አጨዋወት ለመለወጥ መዘግየታቸውና እንደ አሌክሲስ ሳንቼዝ ያሉ ተጫዋቾች ውል ሊያልቅ እስኪቃረብ መጠበቁ የራሳቸው ጥፋቶች እንደነበሩ መካድ አይቻልም። በስታዲየሙ “ቬንገር ይውጣ” የሚሉ ጽሑፎች ይታዩ ነበር። ያም ሆኖ ሜይ 6 ቀን 2018 በሜዳቸው በርንሊን 5 ለ 0 ባሸነፉበት የስንብት ቀን ሁለቱም ቡድኖች ተሰልፈው በክብር ተቀብለዋቸዋል።

አሁን ምን ይሠራሉ?

ከኖቬምበር 2019 ጀምሮ በፊፋ የዓለም አቀፍ እግር ኳስ ልማት ኃላፊ ናቸው፤ የ“ከጨዋታ ውጭ” (ኦፍሳይድ) ሕግ ለአጥቂው የሚያደላ ሆኖ እንዲሻሻል ያቀረቡት ሐሳብም ሲያወያይ ቆይቷል። በ2023 ከፈርጉሰን ጋር በአንድነት በፕሪምየር ሊጉ የዝና መዝገብ የሰፈሩ የመጀመሪያዎቹ አሠልጣኞች ሆነዋል። በዚያው ዓመት ጁላይ ወር ክለቡ የነሐስ ሐውልታቸውን ከኤምሬትስ ስታዲየም ውጭ አቆመ፤ የሊጉን ዋንጫ በሁለት እጃቸው ከፍ አድርገው ይታያሉ።